ጥቁር ጃንጥላ የያዘ ሰው

ቅዳሜ ጠዋት የይርጋጨፌ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ሲጮኽ ተረኛዋ ኮንስታብል ትንቢት የዝናብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም ነበር። የደወለችው ሴት ናት። ድምፅዋ ጥርት ያለ፣ አነጋገሯ እንደ ዜና አንባቢ የተስተካከለ ነው፤ ትንፋሿ ግን ይቆራረጣል።

«ኮንጋ፣ ጫካው ውስጥ በሚያልፈው የእግር መንገድ አንድ አዛውንት ወድቀዋል። በሕይወት አሉ። እባካችሁ ቶሎ ድረሱላቸው።»

«መንገዱ ረጅም ነው፤ የት ጋ?»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች። ትንቢት «ወሰኑ ስር» ብላ ጻፈች። ስም ልትጠይቅ ስትል ስልኩ ተዘጋ። የጣቢያው ስልክ የድሮ ስለሆነ የደዋይ ቁጥር አያሳይም።

የኮንጋ ሰዎችና ሁለት ፖሊሶች ተጋግዘው ሲደርሱ፣ ከመንገዱ በታች ባለው ቁልቁለት እንሰት መሃል አንድ ሽማግሌ በጎናቸው ተኝተው አገኙ። ጭንቅላታቸው ተፈንክቷል። ከጭንቅላታቸው ስር ግን ሰማያዊ ሻርፕ ታጥፎ ተደርጎላቸዋል።

ሽማግሌው ጋሽ ሠረቀብርሃን ናቸው።

በዲላ እሳቸውን የማያውቅ የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ አማርኛ አስተምረዋል። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ የከተማውን ሰው ሰብስበው ጫካ ለጫካ ያዞራሉ። ገበሬ ባዩ ቁጥር ቆመው፣ «ይህን ዛፍ በእናንተ ምን ትሉታላችሁ? እንዲህ ያለውን ስስ ዝናብስ?» እያሉ ይጠይቃሉ። የቡሌ ሰው አንዱን ቃል እንዴት እንደሚስበው፣ የዲላ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚቆርጠው ሲያወሩ መንገዱ ያልቃል። ሌሊት ዝናብ ከጣለ በመጀመሪያው ሚኒባስ ቀድመው ይሄዱና መንገዱን አይተው እግረኞቻቸውን ይጠብቃሉ። ያን ቀንም ያደረጉት ይህንኑ ነው።

ኢንስፔክተር አማኑ ከዲላ ሲደርስ ሽማግሌው ወደ ሆስፒታል ተወስደው ነበር። አማኑ የዚሁ የጌዴኦ አገር፣ የኢዲዶ ገበሬ ልጅ ነው፤ እሱም የጋሽ ሠረቀ ተማሪ ነበር። ስለዚህ መንገዱ ዳር ተንበርክኮ ጭቃውን ከሌላው ቀን የበለጠ አጥብቆ ፈተሸ።

ዝናቡ ዱካ አላስቀረም። ከላይ መንገዱ ዳር ግን ከኮት የተበጠሰ አዝራር ከነክሩ ወድቋል። ከአዝራሩ አጠገብ ሣሩ ተገሽልጦ ረጅም የመንሸራተት ምልክት ወደ ታች ይወርዳል።

«ዝም ብሎ የወደቀ ሰው አዝራሩ አይበጠስም» አለ።

«ምስክርም አለን» አለች ትንቢት። ከሰሜን ሸዋ ተመድባ ከመጣች ገና ቅርቧ ነው፤ ሥራዋን ትወዳለች፤ ጽሑፏም ያምራል። «ከወንዙ ማዶ የሚኖሩ አባ ሙሉካ የሚባሉ ሽማግሌ ጭቅጭቅ ሰምተዋል። ቀጥሎም አንድ ረጅም ወንድ ጥቁር ጃንጥላ ይዞ ወደ ዋናው መንገድ ሲሮጥ አይተዋል። ፊቱን አላዩም።»

«የደወለችውስ ሴት?»

«አነጋገሯ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ለጉብኝት የመጣች ትሆናለች። ወድቀው አግኝታ፣ ሻርፗን አድርጋላቸው፣ ደወለች። ከዚያ ነገር ይመጣብኛል ብላ ፈራች።»

«'ወሰኑ ስር' ነው ያለችው አልሽኝ?»

«አዎ። እዚያ ላይ የምትታየው ዋንዛ የሁለት ይዞታ ወሰን ናት። ክርክርም አለባት።»

ክርክሩን ቀበሌው ሁሉ ያውቀዋል። ኢዮስያስ የሚባል ገበሬ ከጎረቤቱ ጋር በዋንዛዋ ተጣልቶ ነበር። ጋሽ ሠረቀ መንገዱን ለዓመታት ስለሚያውቁት ሽማግሌዎቹ ጠርተው ጠየቋቸው፤ እሳቸውም ወሰኑ ከጥንትም ዋንዛዋ እንደሆነች መሰከሩ። ኢዮስያስ ተረታ። ሰው በተሰበሰበበት፣ «ይህ ሰውዬ ሁለተኛ በዚህ መንገድ ቢያልፍ እግሩን ነው የምሰብረው» ብሎ ነበር።

ኢዮስያስ ረጅም ነው። ቤቱ ሲፈተሽም ጥቁር ጃንጥላ ተገኘ።

*

«ቅዳሜ ጠዋት የት ነበርክ?» አለው አማኑ።

ኢዮስያስ ሰፋፊ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ወለሉን ያያል። «አሪቻ፣ ቡና ማጠቢያው።»

«ማን አየህ?»

«ብዙ ሰው።»

«አንድ ስም ንገረኝ።»

ኢዮስያስ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«ጠይቀናል እኮ። ማንም አላየህም። የጋሽ ሠረቀን እግር እሰብራለሁ ብለሃል?»

«ብያለሁ። ተናድጄ ነው ያልኩት። ሽማግሌ ገፍቶ የሚጥል ሰው ግን አይደለሁም። ልጆቼን ፊደል ያስቆጠረች መምህር የእሳቸው ተማሪ ናት።»

«ታዲያ ለምን ትዋሻለህ?»

ኢዮስያስ ቀና አላለም። አማኑ ሰውየው ሲፈራ አየ፤ ፍርሃቱ ግን ፖሊስ የሚፈራ ሰው ፍርሃት አልመስል አለው። ሊወጣ ሲል ዓይኑ የሰውየው ሱሪ እጥፋት ላይ አረፈ። እጥፋቱ ውስጥ ቢጫ የመጋዝ ብናኝ ሞልቷል።

*

ሆስፒታል የጋሽ ሠረቀ ባለቤት እትዬ ውዳሴ አልጋው አጠገብ ተቀምጠው ነበር። አማኑን ሲያዩ ተነሡ።

«ነቅቷል ልጄ። መናገር ግን አልቻለም። አፉን ይከፍታል፣ ይታገላል፣ ምንም አይወጣም።»

አማኑ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ አማኑ ነኝ። የገፋዎት ኢዮስያስ ነው?»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። አይደለም።

«የሚያውቁት ሰው ነው?»

አሁንም ነቀነቁ።

ሐኪሙ ከኋላ መጣ። «ኢንስፔክተር፣ በዚህ ባይመሩ ይሻላል» አለና ወደ አልጋው ዞረ። «ጋሼ፣ ስምዎ ሠረቀብርሃን ነው?»

ጋሽ ሠረቀ እንደቅድሙ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ የተሳሳቱት የገባቸው ይመስል ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

እትዬ ውዳሴ አማኑን እስከ በሩ ሸኙት። «ይህ ሰው እንኳን በቀን በሕልሙም ሲያወራ ነው የኖረ» አሉ። «ዝምታውን አልቻልኩትም። ጠዋት ሲወጣ ተኝቼ ነበር፤ ምን ብሎኝ እንደወጣ እንኳ አልሰማሁም።»

*

በማግስቱ አማኑ የመጋዝ ብናኙን ምንጭ ፍለጋ ኮንጋ ተመለሰ። ከኢዮስያስ ቤት ጀርባ ተነሥቶ በቡናው መሃል ሽቅብ ወጣ። ከላይ ብርብራው፣ ከታች እንሰቱና ቡናው ተደራርበው ቀኑን አጨልመውታል። መንገዱ ሸንተረሩን ተሻግሮ ሽማግሌዎች ወደሚያስከብሩት ደን ያስገባል። በዚያ ደን ቅርንጫፍ መቁረጥ እንኳ ነውር ነው። ከደኑ ጥግ፣ በቅጠል የተሸፈነ ትኩስ ጉቶ አገኘ። አንድ ትልቅ ዝግባ ተቆርጧል።

ኢዮስያስ ይህ ሲነገረው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «የልጄ ቤት ጣሪያ አጥቶ ነው። ከሚስቴ ወንድም ጋር ከንጋት ጀምረን ስንቆርጥ ነበር። የሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ሶንጎው ቢሰማ ፊታቸው ምን ብዬ እቆማለሁ? እስሩ ይሻለኛል ብዬ ነው።»

የሚስቱም ወንድም ለብቻው ተጠይቆ ያንኑ ተናገረ። ደኑ ጋሽ ሠረቀ ከወደቁበት በሸንተረር የተለየ ነው፤ በዚያ ሰዓት ሁለቱም ቦታ መገኘት አይቻልም። ኢዮስያስ ተለቀቀ። ወደ ቤቱ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሽማግሌዎቹ ሲሄድ ታየ።

አማኑ ባዶ እጁን ቀረ። የቀረው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ እሱንም ራሱ አላነጋገረውም።

*

አባ ሙሉካ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው የእንሰት ቃጫ ይገምዳሉ። አማኑን ሲያዩ በደስታ ተንቀሳቀሱ።

«ና ልጄ፣ ና ተቀመጥ። ሚስቴ ቢኖር ቆጮ ይሰጥህ ነበር። ገበያ ሄዷል።»

አማኑ ፈገግ አለ። የገዛ እናቱ አማርኛ እንደዚሁ ነው። «ግድ የለም አባባ። ልጆችስ ደህና ናቸው?»

«አንድ ሴት ልጅ ነው ያለኝ። ሀዋሳ ነው። ነርስ ሆኗል። ለመስቀል መጥቶ ይህን ሹራብ አለበሰኝ።»

የአማኑ ፈገግታ ፊቱ ላይ ቀረ። «አባባ፣ ቅዳሜ ያዩት ሰው...» አለ።

«ጃንጥላ የያዘው?»

«አዎ። ምን ለብሶ ነበር?»

«ቀሚስ ነዋ! ረጅም ቀሚስ። ሲሮጥ እግሩን ይጠልፈው ነበር። አንዴ ወደቀ፣ ተነሣ።»

«ሴት ነበረች?»

«ሴት ነው እንጂ!» አሉ ሽማግሌው ቃጫውን አስቀምጠው። «ወንድ ነው ማን አለ?»

«ወንድ ተብሎ ተጽፏል።»

«እኔ ሰው ነው ያልኩት። ያቺ ፖሊስ ልጅ ጥሩ ልጅ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይጽፋል።»

አማኑ እርግጠኛ ለመሆን በጌዴኦኛ ደግሞ ጠየቃቸው። በጌዴኦኛ መልሳቸው ምንም ብዥታ አልነበረውም፤ ወጣት ሴት ናት፣ ቀጭን፣ ረጅም። እያለቀሰች ነበር የምትሮጠው።

ጣቢያ ሲደርስ ትንቢትን ብቻዋን አስቀመጣት። ነገሩን ሲነግራት ቀላች።

«ሮጠ፣ ያዘ፣ ወደቀ ሲሉኝ... ወንድ ነው ብዬ...»

«እኔም ብሆን እንደዚያው እጽፍ ነበር» አለ። ከልቡ ነው። «አሁን የስልኩን ንገሪኝ። የጻፍሽውን ተዪው። ጆሮሽ የሰማውን፣ እንዳለ።»

ትንቢት ዓይኗን ጨፈነች። «የት ጋ ስላት... 'ከመንገዱ በታች፣ ወሴው ስር' አለች። ወሰኑ ስር ማለቷ ነው ብዬ አስተካከልኩት።»

«ወሴው?»

«እንደዚያ ነው የተሰማኝ። ወሴ የሚባል ነገር አለ እንዴ?»

«አለ። እንሰት ነው። በጌዴኦኛ እንሰትን ወሴ ነው የምንለው።»

ሽማግሌው የተገኙት እንሰት መሃል ነው። ደዋይዋ የአዲስ አበባ ጎብኚ አይደለችም ማለት ነው። እዚሁ የተወለደች፣ አማርኛዋን አጥርታ የተማረች፣ ስትደነግጥ ግን የቤቷ ቃል ያመለጣት ሴት ናት። የሮጠችውና የደወለችውም ሁለት ሰው መሆናቸው ቀርቷል።

*

ከቅዳሜ እግረኞች መካከል ነስሩ የሚባል ወጣት ነበር፤ እናቱ ዲላ ላይ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። በጉዞው ላይ ቪዲዮ የሚቀርጸው እሱ ነው። አማኑ ሱቁ ውስጥ አገኘውና የሚፈልጋትን ሴት ገለጸለት፤ ወጣት፣ ረጅም፣ የጌዴኦ ልጅ፣ አነጋገሯ እንደ ዜና አንባቢ።

ነስሩ መቀሱን አስቀመጠ። ማንነቷ ወዲያው ገብቶታል፤ ስሟን ለመጥራት ግን አመነታ።

«ቤቴል ትሆናለች» አለ በመጨረሻ። ስልኩን አውጥቶ አንድ ቪዲዮ ከፈተ።

ያለፈው ዓመት ጉዞ ነው። ጋሽ ሠረቀ ከቡና ማሳ ዳር ቆመው አንዲት ልጅ ያነጋግራሉ። ልጅቷ እየሳቀች ትመልሳለች፤ «እናቴ ቡና ለቀመ፣ አሁን ደክሞት ተኝቷል። እህቴም ሊያገባ ነው።» ቪዲዮው እዚያው ላይ ተቆርጦ ደጋግሞ ይጫወታል፤ «እናቴ ለቀመ፣ እህቴ ሊያገባ ነው»፤ ከስሩም የሳቅ ድምፅ ተጨምሮበታል።

«ማን ቆረጠው?»

«እኔ ነኝ። ቲክቶክ ላይ ለቀቅሁት። ጋሼ አያውቁም፤ እሳቸው ቲክቶክ የላቸውም። ብዙ ሰው አየው።» ነስሩ ቀና ብሎ ማየት አቃተው። «በኋላ እንደሰማሁት አንድ ሬዲዮ ጣቢያ ፈተና አልፋ ለዜና አንባቢነት ልትገባ ነበር። እዚያ ያሉ ልጆች ቪዲዮውን አገኙት። 'እናቴ ለቀመ' ብለው ስም አወጡላት። ከዚያ በኋላ እንጠራሻለን ብለው አልጠሯትም።»

«አውርድልኝ ብላህ ታውቃለች?»

«ጽፋልኝ ነበር። አልመለስኩላትም። የጋሼን ፊት ነው ሰው የሚያየው፤ የእሳቸው ሥራ ይመስላል።»

አማኑ ስልኩን መለሰለት። «አሁን አውርደው። እዚሁ፣ እኔ እያየሁ።»

*

ቤቴልን ያገኛት አሪቻ፣ እናቷ ግቢ ነው። ቡና ማድረቂያው አልጋ አጠገብ ቆማ የተበላሸውን ፍሬ ትለቅማለች። ዓይኗ አብጧል። እናቷ እንግዳውን በጌዴኦኛ ተቀብለው ወንበር ሊያመጡ ገቡ።

«ቤቴል፣ ኢንስፔክተር አማኑ እባላለሁ። ትንሽ በእግር እንሂድ?»

«ይቻላል» አለች። ያው ጥርት ያለው ድምፅ ነው።

ከግቢው ወጥተው በቡናው ጥላ ስር ባለው ቀጭን መንገድ ሄዱ። ሌሊት የዘነበው ውሃ ከቅጠሎቹ ላይ ያንጠባጥባል። አማኑ ከአንድ ትልቅ እንሰት አጠገብ ቆመ።

«ይህን ምን ትይዋለሽ?»

«እንሰት።»

«ቅዳሜ ግን ወሴ ነው ያልሽው።»

ቤቴል እጇን አፏ ላይ ጫነች። ጥቂት ቆማ እዚያው እርጥቡ መሬት ላይ ተቀመጠች። አማኑም አጠገቧ ቁጭ አለ፤ አላጣደፋትም።

«ልገድላቸው የፈለግሁ አይምሰልዎ» አለች። «ሌሊት ከዘነበ ቅዳሜ ቀድመው እንደሚመጡ አውቃለሁ። ቪዲዮውን እንዲያጠፉልኝ ልለምን ነው የሄድኩት። ምን ቪዲዮ አሉኝ። አላመንኳቸውም። ስለ አነጋገሬ ሊያስረዱኝ ጀመሩ፤ ምን ያሳፍራል፣ ያምራል እኮ አሉኝ። ያምራል ሲሉኝ ነው ያበድኩት። ስንት ወር መስታወት ፊት ቆሜ ለቀመች፣ ተኛች እያልኩ እንደተለማመድኩ እሳቸው ምን ያውቃሉ? ጮህኩባቸው። ወደ ኋላ ስሸሽ እጃቸውን ዘርግተው ክንዴን ያዙኝ። ኮታቸውን ጨምድጄ ገፋኋቸው። ከዚያ... የሉም።»

«ወረድሽ?»

«ወረድኩ። ይተነፍሳሉ። ሻርፔን አደረግሁላቸው። እዚያ ኔትወርክ የለም፤ እስከ መንገዱ ሮጬ ደወልኩ። መመለስ ነበረብኝ። አልተመለስኩም። ፈራሁ።»

እናቷ ከሩቅ ስሟን ሲጠሩ ተሰማ። ቤቴል ወደ ድምፁ ዞረች፤ ያን ሁሉ ወር የተለማመደችው አማርኛ በአንድ ጊዜ ጥሏት ሄደ።

«እናቴ... እናቴ አሁን ምን ይላል? እሱ ምንም አያውቅም። እናቴ ይሞታል።»

አማኑ ክንዷን ይዞ አነሣትና፣ «እኔ በቋንቋችን አስረዳቸዋለሁ» አላት። «ጉዳዩ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ አልዋሽሽም። ሻርፑም፣ መደወልሽም ይጻፋል። ጋሽ ሠረቀም በሕይወት አሉ።»

*

ቃሏን ሰጥታ ጣቢያ እንዳለች እትዬ ውዳሴ መጡ። ልጅቷ መገኘቷን ሰምተው ከዲላ ብቻቸውን ነው የመጡት። ትንቢት በር ላይ ልታቆማቸው ስትል አማኑ አስገባቸው። ቤቴል ስታያቸው ከወንበሯ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ተለጠፈች።

እትዬ ውዳሴ ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ሊሳደቡም ሊያለቅሱም የሚችሉ ይመስል ነበር።

«አንቺ ነሽ መጨረሻ ያናገርሽው» አሉ። «ሐኪሙ ንግግሩ ይመለስ አይመለስ አላውቅም ብሎኛል። ከመውደቁ በፊት ምን አለሽ? የመጨረሻውን።»

ቤቴል አማኑን አየችው። ለእሱ ያልነገረችው ነገር እንዳለ ያኔ ገባው።

«እኔ ወደ ኋላ ስሄድ ገደሉን አላየሁትም ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ክንዴን የያዙኝ ለዚያ ነው። ሊመቱኝ መስሎኝ ነው የገፋኋቸው። በኋላ ነው የገባኝ።» አለቀሰች። «'ተጠንቀቂ ልጄ፣ ያንሸራትታል' ነው ያሉኝ።»

እትዬ ውዳሴ አንድ ጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው ገለጡ።

«እሱ ነው» አሉ። «እንደዚያ ነው የሚለው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ልጅቷ አሁንም ግድግዳው ላይ ናት። ትንሽ ቆይተው ወደ ትንቢት ዞሩና፣ «ይቺ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ቀምሳለች?» ብለው ጠየቁ።

«አልበላም ብላ ነው፣ እማማ።»

«አሁን ትበላለች» አሉ እትዬ ውዳሴ፤ ቀጥለውም ለቤቴል አጠገባቸው ያለውን ወንበር በእጃቸው መታ መታ አደረጉላት። «ነይ ተቀመጪ። ስትበዪ ደግሞ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው፣ ምን ምን እንዳለሽ።»